በየገጹ ግርጌ ጥቅስ ያለበት የ2018 አጀንዳ፦ ግምገማ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ የአዲስ አበባ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በአዲሱ ዓመት አጀንዳዎች ይሞላሉ። አብዛኞቹ ባንኮችና ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው ከሚያድሏቸው ብዙም የማይለዩ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ሽፋን ለብሰው ቀንና መስመር ብቻ የያዙ ናቸው። ለ2018 ዓ.ም. ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ መደብር የገዛሁት ግን በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ አንድ ጥቅስ ወይም አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ታትሞበታል። ባለ መደብሩ «ይኼኛው ጥቅስ አለው፣ ጋሼ፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል» ብሎ 650 ብር ጠየቀኝ፤ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ጥቅስ አልባ አጀንዳ ዋጋው ከዚያ በእጅጉ ያንስ ነበር። ልዩነቱን የከፈልሁት ለጥቅሶቹ ስለሆነ ይህ ግምገማም በዋናነት የሚመለከተው እነርሱን ነው። የአሳታሚውን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች በዚህ ዓይነት አጀንዳዎችና የግድግዳ ካላንደሮች ላይ በብዛት የሚታዩ ስለሆኑ በአንዱ ላይ ብቻ መለጠፉ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ስለ ዕቃው ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሽፋኑ ቆዳ መሰል ፕላስቲክ ነው፤ ስፌቱ ጥሩ በመሆኑ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ገጹ ተመልሶ አይከደንም። ወረቀቱ ለተራ እስክሪብቶ ይበቃል፤ በጄል እስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው ግን ቀለሙ ወደ ጀርባው ገጽ ያልፍበታል። የኢትዮጵያና የአውሮፓ ቀን ጎን ለጎን ሰፍሯል፤ በዓላትና አጽዋማት ተለይተው ታይተዋል፤ ጳጉሜን አምስቱ ቀኖቿ በአንድ ገጽ ላይ ሳይታጨቁ ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ገጽ ተሰጥቷቸዋል። ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ስለሆነ የዓመቱ ቀናት 365 ናቸው፤ ጥቅሶቹም እንዲሁ።

እኔ ጥቅስ የምወድ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥቅስ መውደድ ዛሬ ዛሬ በተማረው ሰው ዘንድ እንደ ቅለት ስለሚቆጠር ነው። በየታክሲው መስኮት የተለጠፈው፣ በየጸጉር ቤቱ መስታወት ላይ የተጻፈው፣ ማለዳ ማለዳ በስልክ የሚላከው ጥቅስ ብዛቱ ነገሩን አርክሶታል ቢባል ሐሰት አይደለም። ሆኖም ሰው ጭንቅ በያዘው ጊዜ ረጅም መጽሐፍ የማንበብ ትዕግሥት አይኖረውም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ይዞ መቆየት ይችላል። እኔም በተለያየ ጊዜ ይዤ የቆየኋቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አሉኝ፤ አጀንዳውን የምመዝነውም በእነርሱ ነው። መተዳደሪያዬ ለባለ ጉዳዮች ማመልከቻና አቤቱታ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ሥራ ማን፣ መቼ፣ የት የሚሉት ካልተሟሉ ጽሑፉ ምንም ያህል ቢያምር መዝገብ ቤቱ አይቀበለውም። ከጥቅስም የምጠብቀው ይኸንኑ ነው፦ ተናጋሪው ይታወቅ፣ የተነገረበት ሁኔታ ይታወቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቆርጦ የቀረው ግማሹ አብሮ ይምጣ። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያጽናናው ያ የቀረው ግማሽ ነውና።

ከየካቲት 23 ገጽ ልጀምር። በዚያ ላይ የሰፈረው፣ እንደሚጠበቀው፣ ከዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ የተወሰደ ነው፦ «የሀገሬ ሰው፣ ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም። ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ።» በዚያ ያበቃል፤ ከሥሩ የንጉሠ ነገሥቱ ስምና 1888 የሚለው ዓመት ብቻ አለ። በድል በዓል ገጽ ላይ ሲነበብ የድል ንግግር ይመስላል። አዋጁ የተነገረው ግን በመስከረም 1888፣ ከዐድዋ ድል አምስት ወራት ቀደም ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ሠራዊቱ አልተሰበሰበም፤ የዘመቻው መጨረሻ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ስንቁን ቋጥሮ የተነሣው በዚያ ጥርጣሬ ውስጥ ሆኖ ነው። የተናገሩበት ወር ቢጠቀስ አንባቢው ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ያገኘው ነበር።

ከዚህም የሚብሰው መቆረጡ ነው። አዋጁ ይቀጥልና እንዲህ ይላል፦ «ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ።» እኔ ከአዋጁ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሥራ ፈትቼ በነበርሁበት ዓመት አንድ የቅርብ ወዳጄ ሚስቱን ቀበረ። እንደ ወጉ የማዋጣው ገንዘብ አልነበረኝም፤ ወገቤን ያመኝ ስለነበር እንደ ሰፈሩ ወጣቶች ድንኳን መትከልና ወንበር ማመላለስም አልሆነልኝም። ሌሎቹ ሲወጡና ሲገቡ እኔ ከወዳጄ አጠገብ ተቀምጬ ከመዋል በቀር የሠራሁት የለም፤ በዚህም ማፈር ጀምሬ ነበር። በትምህርት ቤት ሳለሁ በቃሌ ያጠናሁት ይህ ዓረፍተ ነገር ትዝ ያለኝ እዚያ ተቀምጬ ነው። አገር በተወረረ ጊዜ እንኳን ንጉሠ ነገሥቱ አቅመ ቢሱን «አንተ አታስፈልግም» ብለው አላሰናበቱትም፤ ሐዘኑን ከእርዳታ ቆጠሩለት። ከዚያ ወዲህ ልቅሶ ቤት ባዶ እጄን ስቀመጥ አላፍርም። አጀንዳው ይህን ግማሽ ትቶ ጉልበት ያለውን ብቻ የሚጠራውን ማስቀረቱ የብርቱዎች መፈክር አድርጎታል። ስለ መቆረጥ ከተነሣ ዘንድ፣ አዋጁ ወስልቶ ለሚቀረው ሰው «ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም» የሚል ማስጠንቀቂያም አለው። ይህን የጻፈ አጀንዳ እስካሁን አላየሁም፤ በሰኞ ማለዳ ገጽ ላይ ቢወጣ ግን ወደ ሥራ ለመነሣት ከብዙ አነቃቂ ጥቅሶች የበለጠ ይረዳ ነበር።

አርታኢው ሲፈልግ እንደሚችል የሚያሳየው የሰኔ 23 ገጽ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ቀን በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቀርበው ባሰሙት ንግግር ማብቂያ ላይ ያነሡት ጥያቄ ተጠቅሷል፤ ይኸውም ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ ጉባኤውን የጠየቁበት ነው። ከሥሩ በትናንሽ ፊደላት ሁለት መስመር ማብራሪያ ተጨምሮበታል፦ ንግግሩ በአማርኛ እንደተደረገ፣ ሲጀምሩም የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት እንዳወኩ። ሁለት መስመር ብቻ ናቸው፤ ጥቅሱ ግን በእነርሱ ምክንያት ነፍስ ይዘራል። አንባቢው ጥያቄውን ከፉጨቱ ጋር አብሮ ይሰማዋል።

እኔ ሦስተኛ መስመር እጨምርበት ነበር፦ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉባኤው በጣሊያን ላይ ተጥሎ የነበረው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ይህ ጥያቄውን ከንቱ ያደርገዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ለእኔ ግን የሚያከብደው ነው። በሥራዬ የሚገጥሙኝ ባለ ጉዳዮች አብዛኞቹ መልሱ ምን እንደሚሆን አስቀድመው የሚያውቁ ናቸው። የጡረታ መዝገቧ የጠፋባት አንዲት እናት «ልጄ፣ እንቢ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እንቢ ያሉትን ግን በጽሑፍ ይስጡኝ» ብላኛለች። የጄኔቩን ንግግር ባሰብሁ ቁጥር የምረዳው ይህን ዓይነት ክብር ነው፤ የሚከለከል መሆኑን እያወቀ ነገሩን አሟልቶ፣ በሥርዓት፣ በራሱ ቋንቋ የሚጠይቅ ሰው ክብር። ዝግጅት ሲያታክተኝ፣ «ለማን ብዬ ነው ይህን ሁሉ የማሰምረው?» ማለት ሲቃጣኝ፣ ወደዚህ ገጽ እመለሳለሁ። ቀኑ ገና ቢሆንም ሪባኑ እዚያ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል።

ከውጭ ሰዎች ጥቅሶች መካከል ከልቤ የምወደው በኅዳር ገጾች ውስጥ አለ፤ «ከእውነታው ይልቅ በሐሳባችን የምንሠቃየው ይበዛል» የሚለው ነው። አጀንዳው «ሴኔካ» ብሎ ያልፈዋል። ሴኔካ የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማ ፈላስፋና ባለሥልጣን ሲሆን፣ ይህን የጻፈው ሉሲልየስ ለተባለ ወዳጁ በላካቸው ደብዳቤዎች በ13ኛው ውስጥ ነው። ስሙን ብቻ ያየ አንባቢ ምቹ ወንበር ላይ የተቀመጠ መካሪ ይመስለዋል። ሰውዬው ግን ቀድሞ መምህሩ በነበረበት በኔሮ ትእዛዝ በ65 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ራሱን እንዲገድል ተገድዶ የሞተ ነው። ፍርሃትን የሚያቃልለው የሚፈራ ነገር ስላልነበረው አይደለም ማለት ነው፤ ይህን ማወቅ ምክሩን ለመቀበል ያመቻል።

ይህንን ጥቅስ የተጣበቅሁበት እናታችን ታማ የናሙናዋን ውጤት በምንጠብቅበት ሰሞን ነው። ውጤቱ ሊዘገይ እንደሚችል ተነግሮን ነበር፤ እኔ ግን በሐሳቤ ቀብሬያት፣ ዕቃዋን አከፋፍዬ፣ ቤቱን ዘግቼ ነበር። አንድ ወዳጄ ጥቅሱን ልኮልኝ ያን ጊዜ ደስ አላለኝም፤ «ውጤቱ መጥፎ ቢሆንስ?» የሚል መልስ ብቻ ነበረኝ። ደብዳቤውን ፈልጌ ሳነብ ግን ሴኔካ ራሱ ይህን ጥያቄ አስቦበታል። አንዳንዱ ነገር ከሚገባው በላይ ያሠቃየናል፣ አንዳንዱ ከጊዜው በፊት ያሠቃየናል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ሊያሠቃየን ሳይገባ ያሠቃየናል ይላል። መጥፎ ነገር አይመጣም አላለም፤ የሚመጣውን እንኳን አስቀድመን እንደምንከፍለው ነው የተናገረው። ይህን ካነበብሁ በኋላ ቢያንስ ሌሊቱን መተኛት ቻልሁ። የእናቴ ውጤት ደኅና ሆኖ ወጣ፤ ባይሆንም ኖሮ ያ እንቅልፍ አይጸጽተኝም ነበር። እንግዲህ አጀንዳው ይህን ሦስት ክፍል ያለው ሐሳብ ቢያትም ኖሮ ከቀኑ መስመሮች ሁለቱን ብቻ ነበር የሚወስድበት።

ከቅዱሳት መጻሕፍት የተወሰዱት ጥቅሶች በጥሩ ሁኔታ ተመርጠዋል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስም ከቁርኣንም አሉ፤ ምዕራፍና ቁጥራቸውም ተመልክቷል። (ለነቢያት የሚደረገው ጥንቃቄ ለፈላስፎችና ለነገሥታት ለምን እንዳልተደረገ አልገባኝም።) ነገር ግን መቁረጡ እዚህም አለ። መክብብ 3፥1 «ለሁሉ ዘመን አለው፥ ከሰማይ በታችም ለሆነ ነገር ሁሉ ጊዜ አለው» የሚለው ለብቻው ሲቀመጥ «ታገሥ፣ ቀንህ ይመጣል» የሚል ማጽናኛ ይሆናል፤ ሕዝቡም የሚጠቅሰው በዚሁ መንፈስ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝር ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። መወለድና መሞት፣ መግደልና መፈወስ፣ ማልቀስና መሣቅ እየተባለ ዐሥራ አራት ጥንድ ጊዜያት ይቆጠራሉ። ከእነርሱም አንዱ «ለመትከል ጊዜ አለው፥ የተተከለውንም ለመንቀል ጊዜ አለው» ይላል። እኔና ታናሽ ወንድሜ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ከፍተን ለዓመታት ስንደግፈው ኖረን፣ ኪራዩ ከገቢው ሲበልጥም «ጊዜው ይመጣል» እያልን ስንቆይ፣ አንድ ቀን ወንድሜ ይህን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ሌላ ክርክር አላስፈለገንም፤ ማሽኖቹን ሸጠን ዕዳችንን ከፍለን ዘጋን። የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ በግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው እንቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት ልምጣ፤ ይኸውም ባልተናገሩት ሰዎች ስም የታተሙት ጥቅሶች ናቸው። ለዚህ አሳታሚው ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ ስሕተቶቹ ዓለምን የዞሩ ናቸው፤ ነገር ግን ገንዘብ ተከፍሎበት ለሚሸጥ ኅትመት ማጣራት ግዴታ ነው። «ትልቁ ፍርሃታችን ብቃት የሌለን መሆናችን አይደለም» ብሎ የሚጀምረው ጥቅስ በኔልሰን ማንዴላ ስም፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በበዓለ ሲመታቸው እንደተናገሩት ተደርጎ ሰፍሯል። ቃሉ አሜሪካዊቷ ጸሐፊት ማሪያን ዊሊያምሰን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የጻፈችው ነው፤ በበዓለ ሲመቱ ንግግር ውስጥ የለም። የሚያስቆጨው ማንዴላ የሌላ ሰው ጥቅስ የማያስፈልጋቸው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1964 በሪቮኒያ ችሎት ቆመው፣ ሁሉም በእኩልነት የሚኖርበትን ነጻ ማኅበረሰብ ተስፋ እንደሚያደርጉና ካስፈለገም ለዚያ ለመሞት ዝግጁ እንደሆኑ የተናገሩት ቃል በሰነድ አለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ለሚያስታውስ የአዲስ አበባ አንባቢ ይህ ንግግር የሩቅ አገር ወሬ አይሆንበትም። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 12 ነው። አጀንዳው በዚያ ቀን ገጽ ላይ ያሰፈረው ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚናገር፣ ባለቤት የሌለው ምክር ነው።

በእኛ አገር በስብሰባ ሁሉ የሚጠቀሰው «በሐሳብህ ባልስማማም ሐሳብህን የመግለጽ መብትህን ግን እስከ ሞት እሟገትልሃለሁ» የሚለውም በቮልቴር ስም አለ። ቮልቴር በ1778 እ.ኤ.አ. የሞተ ሲሆን፣ ዓረፍተ ነገሩን በ1906 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ስለ እርሱ የጻፈችው እንግሊዛዊቷ ኤቭሊን ቢያትሪስ ሆል ናት። የፈረንሳዊው ፈላስፋ የሄልቬሽየስ መጽሐፍ እንዲቃጠል በተፈረደበት ጊዜ ቮልቴር የነበረውን አቋም በራሷ አባባል ስትገልጽ የተጠቀመችበት ነው። እኔ ጥቅሱን ከዚህ በኋላ ይበልጥ ወደድሁት። ሴትዮዋ የሌላ ሰው የሕይወት ዘመን አቋም በአንድ መስመር ለመግለጽ ችላ፣ የራሷ ስም ግን ተረስቶ ቀርቷል፤ ለሰው አቤቱታ እየጻፈ የሚኖር ሰው ለዚህ ዓይነቱ ዕጣ ልዩ ርኅራኄ አለው። «ማየት የምትፈልገውን ለውጥ ራስህ ሁን» የሚለው የጋንዲ ተብሎ የታተመም በዚህ መልኩ በጽሑፎቻቸው ውስጥ አይገኝም፤ በ1913 እ.ኤ.አ. የጻፉት፣ ራሳችንን ብንለውጥ የዓለም ዝንባሌም እንደሚለወጥ የሚናገረው ሐሳብ ረዘም ያለ ነው፤ ከመፈክሩም ይሻላል።

«የአፍሪካ አባባል» ተብለው የሰፈሩት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ያናድዱኛል። ከሁለት ሺህ የማያንሱ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አህጉር ውስጥ አንድ አባባል የየትኛው ሕዝብ እንደሆነ ሳይገለጽ «የአፍሪካ» መባሉ ለአውሮፓ ገበያ ሲሆን ሊታለፍ ይችላል፤ እኛው አፍሪካውያን በራሳችን አጀንዳ ላይ እንዲህ ብለን ማተማችን ግን ግራ ያጋባል።

የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች የሰፈሩባቸው ገጾች የአጀንዳው ምርጥ ክፍል ናቸው። እዚህ ላይ ተናጋሪው አለመጠቀሱ ጉድለት አይሆንም፤ ተረትና ምሳሌ ባለቤቱ የሚናገረው ሁሉ ነውና። መቆረጡም አይጎዳውም። «የቆጡን አወርድ ብላ» ብሎ ዝም ያለ ሰው የቀረውን አድማጩ እንደሚሞላለት ያውቃል፤ ግማሹን ብቻ መናገር እንዲያውም ጨዋነት ነው፤ ወቀሳውን ተወቃሹ ራሱ እንዲጨርሰው መተው ነው። ከውጭ የመጣ ጥቅስ ሲቆረጥ ግን የቀረውን የሚሞላ የለም። የእኔ ቅሬታ በሙሉ ከዚህ የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

ከምሳሌዎቹ ሁሉ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው በጥቅምት ገጽ ላይ መኖሩ አስደስቶኛል። እናታችን ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ሌሊቱን ተራ ስንከፋፈል ታላቅ እህቴ የምትለው ይህን ነበር። እኔ ብቻዬን ላድር ስል «ጀግና አትሁን፤ ሎሚውን አምጣ» ትለኛለች። በቤታችን «ሎሚ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ተራ መያዝ ማለት ነው፤ የእድር ሥራም ሲመጣ፣ የመብራት ቢል ሲከፈልም። አጀንዳው ላይ ሳየው ስለ ኅብረት የሚያስተምር ምክር ሆኖ አልታየኝም፤ የእህቴ ድምፅ ነው የተሰማኝ።

አርታኢው አውቆትም ይሁን ሳያውቀው ያደረገው አንድ ግሩም ነገርም አለ። በጥር ውስጥ በአንድ ሳምንት «ዝም አይነቅዝም» እና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉት ተቀራርበው ታትመዋል። ከባዕድ የመጡት የስኬት ጥቅሶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ፦ ተነሥ፣ ሩጥ፣ አትቁም። የእኛ ምሳሌዎች ግን ሁለቱንም መንገድ ያስቀምጡና የትኛው ለዛሬ እንደሚሆን ለሰውዬው ይተዉለታል። እኔ በዚያ ሳምንት ከአንድ ባለ ጉዳይ ጋር ክርክር ገጥሞኝ ስለነበር ማክሰኞ ዝም ብዬ ዐርብ ተናገርሁ፤ ሁለቱም ገጾች ጠቀሙኝ።

ስለ ምርጫው ሚዛን ሁለት ነገር ልጨምር። የሴቶች ቃል እጅግ ጥቂት ነው። እቴጌ ጣይቱ በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ክርክር ጊዜ ከሰጡት መልስ በቀር ከኢትዮጵያውያት መካከል በስም የተጠቀሰች አላገኘሁም። በሌላ በኩል የአሜሪካ ባለ ሀብቶች ስለ ገንዘብ የተናገሩት በየሳምንቱ አለ ማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ አብዛኞቹ ሀብት ካገኙ በኋላ የተናገሯቸው ስለሆኑ፣ ሀብት ለማግኘት ምን እንዳደረጉ ሳይሆን ካገኙ በኋላ ምን እንደሚሰማቸው ነው የሚነግሩን።

ዋጋውን በሚመለከት፣ ለቢሮ ሥራ ብቻ አጀንዳ የሚፈልግ ሰው ጥቅስ የሌለውን ቢገዛ ይሻለዋል። ለአቅመ ንባብ ለደረሰ ልጅ ወይም ከአገር ርቆ ለሚኖር ዘመድ ስጦታ የሚፈልግ ሰው ግን ስለ ምሳሌያዊ አነጋገሮቹና ስለ በዓላቱ ሲል ይህን ቢወስድ አይከፋም፤ የውጭ ሰዎችን ስም ብቻ በጥርጣሬ ያንብብ። እኔ የተቆረጠውን ግማሽ በእርሳስ ከጥቅሱ ሥር እየጻፍሁበት ነው፤ የግርጌው ነጭ ቦታ ጠባብ ስለሆነ አንዳንዴ ወደ ቀኑ መስመሮች እወጣለሁ። የሚመጣው 2019 ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ አሳታሚው 366ኛውን ጥቅስ ከመፈለጉ በፊት ያሉትን 365 ቢያጣራ እመርጣለሁ። ለምንጮቹ ዝርዝር ቦታ የለም እንዳይል፣ በመጨረሻ ያሉት ስድስት ገጾች በዓለም አገሮች የስልክ መለያ ቁጥርና በከተሞች የኪሎ ሜትር ርቀት ሠንጠረዥ ተይዘዋል፤ ሁሉም ሰው ስልክ በኪሱ በያዘበት ዘመን እነዚያን ገጾች ማን እንደሚገልጣቸው ለእኔ አይታየኝም።